የት እንበላለን? የት እናድራለን? ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ስንቅና ማደሪያ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «እኔና ጓደኛዬ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የብስክሌት መንገድ በስምንት ቀን ለመጨረስ አስበናል። እስከዛሬ ከአንድ ቀን በላይ ነድተን አናውቅም። መንገዱ አብዛኛው ከመኪና የተለየ ነው። አንዳንድ ቦታ በትናንሽ ከተሞች በኩል ያልፋል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ጫካና እርሻ ብቻ ነው። ምግብና ማደሪያ እንዴት እናግኝ? የስምንቱንም ቀን አልጋ ቀድመን እንያዝ ወይስ በደረስንበት እንደር? ድንኳንስ ያስፈልገናል?»

ከመነሳታችሁ በፊት መጠየቃችሁ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ብስክሌቱ ነው። ጎማው ምን ያህል ይስፋ፣ ማርሹ ይበቃል ወይ፣ ኮርቻው ይመቻል ወይ ይለኛል። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ሰዎችን ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ሳዘጋጅ ያየሁት ነገር አለ። መሃል ላይ አቋርጠው ከተመለሱት መካከል ብስክሌቱ የተሰበረበት ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ሁለት ቀን በደንብ ሳይበሉ ነድተው፣ አንዱን ሌሊት ደግሞ ሳይተኙ ያደሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉልበቱም ፍላጎቱም አብሮ ያልቃል።

እንግዲህ መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው እርሱት። ካርታውን ዘርጉና ሦስት ነገሮችን ብቻ ምልክት አድርጉ፦ ውሃ የሚቀዳበትን፣ ምግብ የሚገዛበትን ወይም የሚበላበትን፣ የሚታደርበትን። ከዚያ በምልክቶቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ለኩ። ከአንዱ ውሃ እስከ ሌላው ውሃ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከአንዱ ሱቅ እስከ ሌላው ሱቅስ? እኔ «ክፍተት» የምለው ይሄንን ነው። ጉዞውን ከባድ ወይም ቀላል የሚያደርገው ጠቅላላ ርቀቱ ሳይሆን ትልቁ ክፍተት ነው። የምትሸከሙትም የሚወሰነው በእሱ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። በዳንዩብ ወንዝ ዳር ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና የሚሄደው የታወቀ የብስክሌት መንገድ 300 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። መንደሮቹ የተጠጋጉ ናቸው። እዚያ አንድ ኮዳ ውሃና ኪስ ውስጥ የሚገባ ምግብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አሁን ደግሞ አሜሪካን በተራሮቿ ላይ ቁልቁል ወደሚያቋርጠው ወደ ግሬት ዲቫይድ መንገድ እንሂድ። ዋዮሚንግ ውስጥ ከአትላንቲክ ሲቲ መንደር እስከ ሮውሊንስ ከተማ ድረስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሱቅ የለም። የውሃ ቦታዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱም ረጅም የብስክሌት መንገድ ይባላሉ፣ ሻንጣቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ክፍተቱን ከለካችሁ በኋላ ወደ ሰዓት ቀይሩት። ሆድ የሚያውቀው ሰዓት እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። ዕቃ የተጫነ ብስክሌት በጥሩ አስፋልት ላይ በሰዓት 15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ይቀንሳል። ማረፊያውን፣ ፎቶ ማንሻውን፣ ጎማ መንፊያውን ስትጨምሩበት ለጀማሪ 10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብላችሁ ብትይዙ አትሳሳቱም። የ60 ኪሎ ሜትር ክፍተት እንግዲህ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ነው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ደግሞ ሰባት። ብዙ የብስክሌት መንገዶች በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ዳገታቸው ለስላሳ ነው፣ ግን ይረዝማል። ለስላሳ ዳገት 30 ኪሎ ሜትር ሲቀጥል ሰዓታችሁን ቀስ እያለ ይበላዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚያከማቸው ስኳር በአማካይ ከ400 እስከ 500 ግራም ነው። ብስክሌት ላይ ሆናችሁ ይህ ሲያልቅ የሚመጣው ተራ ርሃብ አይደለም። ጠኔ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፣ እግር ይዝላል። ሰውየው ያለምክንያት ይነጫነጫል፣ ወይም ዝም ይላል። ጓደኛችሁ በድንገት ዝም ካለ «ደክሞሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት። የሚበላ ነገር ስጡት።

ጠኔን የሚያሸንፈው ቀድሞ መብላት ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚነዳበት ቀን በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። በሳህን ሲታይ ብዙ አይደለም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው። አንድ ቁራሽ ዳቦ 15 ገደማ። ሁለት ትልልቅ ተምር ከ30 ያልፋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ምግቡ በኋላ ሻንጣ፣ ከዝናብ ልብስ ሥር ከሆነ ማንም ቆሞ አያወጣውም። «ቀጣዩ መንደር ላይ እንበላለን» ይባላል፣ ከዚያ ቀጣዩ መንደር ይርቃል። ስለዚህ መሪው ላይ የምትታሰር ትንሽ ቦርሳ ይኑራችሁ። ጠዋት ጠዋት ሙሏት። ከነጓንታችሁ የምትከፈት፣ አንድ እጅ የሚገባባት መሆን አለባት። ቸኮሌት ይቀልጣልና በሙቀት አትያዙ፣ ጨው ያለበት ለውዝ ግን ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ከአራት ሰዓት መንዳት በኋላ ጣፋጭ ነገር አፍ ውስጥ አልገባ ይላል፣ ያኔ ጨው ይናፍቃል።

የስምንት ቀን ምግብ ግን አትሸከሙ። ጀማሪዎች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍርሃታቸውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል። እኔ የምመክረው የዛሬን ምግብና አንድ የመጠባበቂያ እራት ብቻ ነው። የመጠባበቂያው እራት ማለት ሻንጣው ታች የሚቀመጥ፣ ካልቸገረ የማይነካ ምግብ ነው። ቶሎ የሚበስል ፓስታ፣ ወይም አጃና የለውዝ ቅቤ፣ ወይም በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣና ደረቅ ብስኩት። ከተበላ በሚቀጥለው ሱቅ ወዲያው ይተካ። ትልቁ ክፍተታችሁ ከአንድ ቀን ከበለጠ ብቻ በዚያ ልክ ጨምሩ።

ይህን እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ስለማውቅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄድኩ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ሱቁ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው ይላል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቶቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ለሁለት ሳምንት ዝግ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ የሚከፈተው ከሐሙስ ጀምሮ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በቦርሳዬ ግማሽ ፓኬት ብስኩት ቀርቶኛል። የሚቀጥለው ሱቅ 28 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ያን ቀን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በትልቅ ሱፐርማርኬት በር አልፌ ነበር። «ገና ነው፣ ለምን ልሸከም» ብዬ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ የሆነ ሱቅ ሳገኝ እራቴን እገዛለሁ፣ ጠዋትም ቢሆን። ሁለት ኪሎ ለሰባት ሰዓት ተኩል መሸከም በባዶ ሆድ 28 ኪሎ ሜትር ከመንዳት ይቀላል።

ከካርታ ላይ የሚነበብ የሥራ ሰዓት መነሻ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ስልክ ደውሉ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከወቅቱ ውጪ ከሆነ በተለይ ደውሉ፣ በብስክሌት መንገድ ዳር ያሉ ካፌዎች ብዙዎቹ በሞቃቱ ወራት ብቻ የሚሠሩ ናቸው። የሳምንቱንም ቀን ተመልከቱ። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ እሁድ አብዛኛው ሱቅ በሕግ ዝግ ነው። እዚያ የሚነዳ ሰው የእሁዱንና የሰኞ ጠዋቱን ቅዳሜ ይገዛል። እሁድ ካልቀረለት የባቡር ጣቢያና የነዳጅ ማደያ ሱቆችን ይፈልጋል። የነዳጅ ማደያ በየትኛውም አገር ቢሆን ለብስክሌተኛ ባለውለታ ነው። ውሃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ሌላው ሲዘጋ ክፍት ይሆናል። ከመንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢርቅም ምልክት አድርጉበት።

ምድጃ እንያዝ ወይ ለሚለው፣ በየምሽቱ ምግብ ቤት የምታገኙ ከሆነ ተዉት። ድንኳን ውስጥ ሁለት ሦስት ሌሊት የምታድሩ ከሆነ ግን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ትኩስ ነገር ለሰውነት ብቻ ሳይሆን ለመንፈስም ነው። የጋዙን ቆርቆሮ አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ስትደርሱ የት እንደምትገዙ ቀድማችሁ ለዩ።

ውሃ ላይ አልቀልድም። በመካከለኛ አየር ለአንድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር አስቡ፣ በሙቀት አንድ ሊትር። የአምስት ሰዓት ክፍተት እንግዲህ ለአንድ ሰው ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሊትር ገደማ ነው። ማታ ውሃ በሌለበት ቦታ የምታድሩ ከሆነ ለማብሰያና ለጠዋት ሁለት ሊትር ጨምሩ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ዳገቱ ላይ ይሰማችኋል፣ ግን ያዙት። ከወንዝ ወይም ከኩሬ ከቀዳችሁ አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ማጣሪያ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ማጣሪያዎች ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያስቀሩም። ደግሞም እርጥብ ማጣሪያ ሌሊት በብርድ በረዶ ከሠራ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ግን አይታይም። በብርድ አገር ማጣሪያችሁን ይዛችሁ ተኙ። ከእርሻ መሃል የሚወርድ ውሃ ከሆነ ግን የተረጨበትን መድኃኒት መፍላትም አያጠፋውም። ያንን እለፉት።

ማደሪያው ላይ ጥያቄያችሁ «ሁሉንም እንያዝ ወይስ በደረስንበት?» ነው። ሁለቱም አይስማሙኝም። ስምንቱንም ቀን ከያዛችሁ አንድ ቀን ዝናብ ሲይዛችሁ ወይም ጉልበት ሲያማችሁ ቀሪው ሁሉ ይፈርሳል። ምንም ካልያዛችሁ ደግሞ ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ማረፊያ ብቻ ባለባት መንደር በር ላይ ትቆማላችሁ። እኔ የምለው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ያዙ፣ ያ ቀን ሁሌም ከታሰበው በላይ ይረዝማል። የዓርብና የቅዳሜን ሌሊት ያዙ፣ የእረፍት ቀን የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። በአንድ ክፍተት ውስጥ አንድ ማደሪያ ብቻ ካለ ያንን ያዙ፣ እዚያ ቦታ ከጠፋ አማራጭ የለም። የቀሩትን ክፍት ተዉ። ግን ክፍት ማለት ዝም ብሎ መሄድ አይደለም። በየቀኑ ምሳ ላይ፣ እግራችሁ ምን እንደሚል ከሰማችሁ በኋላ፣ ደውሉና ለዚያው ማታ ያዙ። በስድስት ሰዓት የደወለ ሰው አልጋ ያገኛል። በ12 ሰዓት የደወለ ይለምናል።

ስትደውሉ የምትጠይቁት አራት ነገር ነው። በብስክሌት እንደምትመጡ ንገሯቸውና «ብስክሌታችን የት ያድራል?» በሉ። «ከስንት ሰዓት በኋላ ተቀባይ አይኖርም?» በሉ። «እራት እናንተ ጋ ወይም በእግር የሚደረስበት አለ?» በሉ። ቁርሱ ስንት ሰዓት እንደሚጀምርም ጠይቁ። የመጨረሻውን ሰው ይንቀዋል። ቁርስ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ እናንተ ደግሞ 1 ሰዓት ላይ መነሳት ከፈለጋችሁ፣ ማታውኑ ደረቅ ቁርስ እንዲያዘጋጁላችሁ መነጋገር ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ያደርጉታል። እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ «ለአንድ ሌሊት ብቻ ትቀበሉናላችሁ?» የሚለውን ጨምሩ፣ አንዳንድ ማረፊያ በእረፍት ቀናት ከሁለት ሌሊት በታች አይሰጥም። ጀርመን ውስጥ የብስክሌተኞች ማኅበሩ አዴኤፍሴ ለብስክሌተኛ ምቹ ለሆኑ ማረፊያዎች «ቤት ኡንት ባይክ» (በጀርመንኛ «አልጋና ብስክሌት») የሚባል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን የሚያገኙት እንግዳን ለአንድ ሌሊትም የሚቀበሉ፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታ ያላቸው፣ የረጠበ ልብስ የሚያደርቁ ናቸው። ምልክቱ በሌለበት አገርም ቢሆን እነዚህ ሦስቱ ጥሩ መመዘኛ ናቸው።

አንዳንድ መንገድ ደግሞ ማደሪያውን አብሮት ይዟል። በምዕራብ አውስትራሊያ ከመንዳሪንግ እስከ አልባኒ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ሙንዳ ቢዲ በጫካው ውስጥ ለብስክሌተኛ ብቻ የተሠሩ ጎጆዎች አሉት። ጣሪያ፣ የመኝታ መደብ፣ መጸዳጃ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ታንከር፣ የብስክሌት መጠለያ። ቢሆንም ታንከሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ መሄድ ነው፣ ውሃውንም አፍልቶ ወይም አጣርቶ መጠጣት። በአሜሪካ ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ መንገድ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለዩ ነፃ የድንኳን ቦታዎች አሉ። በአማካይ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይገኛሉ፣ ለአንድ ሌሊት፣ ቀድሞ ለደረሰ። የእጅ ፓምፕ ውሃ አላቸው፣ በቅዝቃዜው ወራት ግን ፓምፑ ይዘጋል። ከምበርላንድ ላይ ከዚህ መንገድ ጋር የሚገናኘውና እስከ ፒትስበርግ 240 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ጋፕ የሚባለው መንገድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ትናንሽ ከተሞች ራሳቸውን ለብስክሌተኛ አሰናድተዋል፣ እንግዳ ማረፊያውም ምግብ ቤቱም ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ሁለቱን አያይዞ የሚነዳ ሰው በግማሹ አልጋ፣ በግማሹ ድንኳን ሊያድር ይችላል። የእናንተም መንገድ እንዲህ የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል በየክፍሉ ለዩት።

በሰው ቤት ማደርም አለ። ዋርም ሻወርስ የሚባለው የብስክሌተኞች መረብ ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው። አባላቱ ለተጓዥ ብስክሌተኛ ቤታቸውን ይከፍታሉ፣ ወይም ጓሮአቸው ላይ ድንኳን ያስተክላሉ። የአልጋ ክፍያ የለውም፣ ስለዚህ እንደ ሆቴል አትያዙት። ቢያንስ ከጥቂት ቀናት በፊት ጻፉ። ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ንገሩ። ከዘገያችሁ ደውሉ። የአስተናጋጁ ቀሪ ቀን በናንተ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ካደርኩባቸው ቤቶች የማስታውሰው አልጋውን አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ወረቀት ላይ እየሣለ «እዚህ ጋ ድልድዩ ተዘግቷል፣ በዚህ ዙሩ» ያለኝን ነው። ካርታው ላይ ያልነበረ ነገር ነው።

በአሜሪካ በቨርጂኒያ አፍተን የምትባል ስፍራ አንዲት ሴት ነበሩ። በ1976 አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ብስክሌተኞች ዳገቱን ሲወጡ በደጃቸው ማለፍ ጀመሩ። እሳቸውም ውሃና ኩኪስ ይሰጧቸው ጀመር። በኋላ አጠገባቸው ያለውን ቤት ለብስክሌተኛ ማደሪያ አደረጉት። «ኩኪ ሌዲ» ተብለው ይታወቁ ነበር። በ2012 እስካረፉ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች በዚያ ቤት አልፈዋል። ይህን የምነግራችሁ በሰው ደግነት ተማምናችሁ ባዶ እጃችሁን ሂዱ ለማለት አይደለም። በረጅም መንገድ ላይ ያለ ሰው ቤትን ሲያንኳኳ ማፈር እንደሌለበት ለማስታወስ ነው። ውሃ የለኝም ማለት ነውር አይደለም።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን እይዛለሁ። ለሁለት ሰው የሚሆን ቀላል ድንኳን ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፣ ተካፍላችሁ ብትሸከሙት አንድ አንድ ኪሎ። ጥቅሙ የምታድሩበት ሌሊት ብቻ አይደለም። ድንኳን ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ሲነዳ አይጨነቅም፣ አልጋ ቢጠፋ የትም አይወድቅም። ሁሉም ሌሊታችሁ ከተረጋገጠና ክፍተቶቹ አጫጭር ከሆኑ ግን ያለ ድንኳን መሄድ ይቻላል። ያኔ ቀለል ብላችሁ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ጨምራችሁ ትነዳላችሁ።

ድንኳን መትከል የሚፈቀድበት ቦታ ከአገር አገር ይለያያል። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ መሠረት በብዙው ያልታረሰ መሬት ላይ በኃላፊነት ማደር መብት ነው። በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዙሪያ ግን ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት የፈረንጆች ወራት በተለዩ ቦታዎች ፈቃድ ይጠየቃል። ኖርዌይ ውስጥ ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ ይፈቀዳል። በሌላ በኩል በሚዙሪ ግዛት 380 ኪሎ ሜትር አለፍ የሚለው የኬቲ ትሬይል ላይ፣ መንገዱ ዳር ድንኳን መትከል ክልክል ነው። በአቅራቢያው ባሉ የካምፕ ቦታዎች ነው የሚታደረው። የናንተን መንገድ ሕግ የመንገዱ አስተዳዳሪ ያውቃል፣ ከእሱ ጠይቁ። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትትከሉ። ሲመሽ ሳይሆን ገና ብርሃን ሳለ ጠይቁ። በጨለማ የሚያንኳኳ ሰው ያስደነግጣል።

ቦታ ስትመርጡ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ዓይናችሁ መፈለግ ይጀምር። ዝቅ ያለ ሣር ለስላሳና ማራኪ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው የሚተኛው እዚያው ነው። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ በፍጹም አትተኙ፣ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ። ድብ ባለበት አገር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ ምግቡም የጥርስ ሳሙናውም በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ወይም ከመኝታ ርቆ ይቀመጣል። ድብ በሌለበትም አይጥ አለች። አይጥ ምግቡን ለማግኘት ሻንጣውን ትበሳለች፣ ከዚያ በኋላ ሻንጣው ዝናብ ያስገባል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አውርዱት። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ፓወር ባንክም ያዙ። ወረቀቱን ግን አትተዉ። የእኔ የአንድ ቀን መስመር ይህን ይመስላል፦ «ቀን 3። 58 ኪሎ ሜትር። ውሃ፦ 0፣ 19፣ 41 ላይ። ምግብ፦ መነሻው ላይ ሱቅ፣ 19 ላይ ካፌ፣ ማክሰኞ ዝግ። ከ19 በኋላ እስከ 58 ምንም የለም። አልጋ፦ 58 ላይ እንግዳ ማረፊያ፣ ተደውሏል፣ መግቢያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ካልሆነ፦ 41 ላይ የድንኳን ቦታ።» በቃ። «ካልሆነ» የምትለዋ ቃል በየቀኑ መስመር ላይ መኖር አለባት። ያቺ ቦታ ባዶ የሆነችበት ቀን ካለ፣ ያንን ሌሊት ቀድማችሁ ከምትይዟቸው ሌሊቶች ውስጥ አስገቡት።

በስምንት ቀን 500 ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ62 በላይ ነው። ለጀማሪ ይቻላል፣ ግን እኩል አታካፍሉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት 45 አድርጉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ኮርቻውም ሻንጣውም ይለመዳል፣ ያኔ ጨምሩ። ዘጠነኛ ቀን ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ መሃል ላይ ጥሩ ሱቅና ጥሩ አልጋ ባለባት ከተማ ዕረፉበት። ልብስ ታጥባላችሁ፣ ሰንሰለት ታጸዳላችሁ፣ የሚቀጥለውን ክፍተት ስንቅ ትገዛላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሙሉ ዕቃችሁን ጭናችሁ አንድ ሌሊት ውጪ አድራችሁ ተመለሱ። 40 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ 40 መመለሻ። መንገድ ላይ ግዙ፣ ደውላችሁ ቦታ ያዙ፣ ድንኳኑን ሲመሽ ሳይሆን በብርሃን ትከሉ። ስትመለሱ ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግፉና ያልተነካውን ዕቃ ለዩ። ያልተበላውንም መዝኑ። ከዚያ በኋላ የመንገዱን ስምና ያገኛችሁትን ትልቁን ክፍተት ጻፉልኝ፣ የዚያን ቀን ስንቅ አብረን እናወጣዋለን።